የኬቲ ትሬይል ምክር ለጣና ዳር አይሆንም፦ ለአንድ የብስክሌት ጉዞ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የሚወዱ ልጆች አንድ ጽሑፍ ሲቀባበሉ ነበር። ጸሐፊው አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ የሚገኘውን ኬቲ ትሬይል የተባለ የጠጠር መንገድ ከዳር እስከ ዳር በብስክሌት የጨረሱ ሰው ናቸው። እዚያ የተማሩትን ይዘው ለእኛም ምክር ጻፉ። ከባሕር ዳር ተነስቶ ጢስ ዓባይን፣ ዘጌንና የጣናን ዙሪያ በብስክሌት ለማየት ምን እንደሚያስፈልግ ይዘረዝራሉ።

ሰው በብስክሌት አገሩን ይይ ማለታቸው ደስ ብሎኛል። ምክሩም ለኬቲ ትሬይል ትክክል ነው። ለጣና ዳር ግን ሁለት ጉዳት አለው። ቤቱ ብስክሌት ያለውን ሰው ያለ ምክንያት ያስቀረዋል። የወጣውን ደግሞ መጠንቀቅ ያለበት ቦታ ላይ ያዘናጋዋል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«የባሕር ዳር ዙሪያ ሜዳ ስለሆነ ጀማሪም በቀን 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላል ጽሑፉ።

ኬቲ ትሬይል ላይ ልክ ነው። ለምን ልክ እንደሆነ ግን ጽሑፉ አልነገረንም። ያ መንገድ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. በጎርፍ ምክንያት ባቡሩ ሲቆም ሐዲዱ ተነሳና በቦታው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተደለደለ። ርዝመቱ ወደ 386 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡር ደግሞ ዳገት አይችልም። የብረት ጎማ በብረት ላይ ስለሚንሸራተት መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ይቆርጣሉ፣ ጎድጓዳውን ይሞላሉ፣ ካልሆነላቸው ዞረው ያልፋሉ። ፒትስበርግንና ከምበርላንድን የሚያገናኘው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባለው ሌላው የሐዲድ መንገድ ተራራ የሚያቋርጥ ነው። እሱ እንኳ የከፋው ዳገቱ 2 በመቶ አይሞላም። 100 ሜትር ስትነዱ ከፍ የምትሉት 2 ሜትር አይደርስም ማለት ነው።

ባሕር ዳር ባቡር ደርሶ አያውቅም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ፤ ወደ ጣና ግን አልዘለቀም። የእኛ የጠጠር መንገድ የተሠራው ለመኪና ነው። መኪና 8 እና 10 በመቶ ዳገት ሳያጉረመርም ይወጣል። የብስክሌተኛ ጉልበት ግን እዚያው ያልቃል። ከተማው ሜዳ ነው፣ የፎገራም የሩዝ ማሳ ሜዳ ነው፤ ይህን አልክድም። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ግን አዲስ ዘመን ከተማን ካለፈ በኋላ ሜዳው የት እንደገባ ይጠይቃል። ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደውም መንገድ ላይ ወጣ ገባ አለ።

ሌላም አለ። ኬቲ ትሬይል ላይ መኪና አይነዳም። የእኛን መንገድ ከአይሱዙ፣ ከሚኒባስ፣ ከጋሪና ከከብት ጋር ነው የምንካፈለው። መኪና በፍጥነት የሚመላለስበት ጠጠር መንገድ ጎድን ጎድን እያለ ይጨማደዳል። ጎማው ትንሽ ይነጥራል፣ ሲያርፍ ጠጠሩን ይገፋል፣ ቀጣዩ መኪናም እዚያው ላይ ይነጥራል። ግሬደር እስኪመጣ ድረስ እየባሰ ይሄዳል። ብስክሌተኛው ጎማ ያልረገጠውን ጠርዝ ጠርዙን መያዝ አለበት። እሱ ደግሞ አሸዋ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። በዚህ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ለጀማሪ አይታሰብም። ከ40 እስከ 60 በቂ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጢስ ዓባይ ደርሶ መመለስ ጥሩ ልክ ነው። መሄጃው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድካም የተሰማው እዚያው አድሮ በማግሥቱ ይመለስ። ዳገቱ ሲከብድ ወርዶ መግፋትም የጉዞው አካል ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

አሁን በጣም ያሳዘነኝ ነጥብ ላይ ደረስኩ። ጽሑፉ «በጠጠር ላይ ለረጅም ጉዞ የካርቦን አካል፣ የዘይት ፍሬንና ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ያለው ዘመናዊ ብስክሌት ግድ ነው፤ ያለዚያ አትሞክሩት» ይላል።

ባሕር ዳር በብስክሌቷ የምትታወቅ ከተማ ናት። ሠራተኛው ወደ ሥራ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ከነዕቃው በብስክሌት ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንኳ ለብስክሌተኛ የተለየ መስመር ተሠርቶለታል። እንዲህ ባለ ከተማ «ያላችሁ ብስክሌት አይሆንም» ብሎ መጻፍ ብዙ ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

እውነቱን ከጎማው ጎን ላይ አንብቡት። ባለ 28 የሆነው ትልቁ ጥቁር ብስክሌት ብዙ ጊዜ ጎማው ላይ 28 በ1½ የሚል ጽሑፍ አለው። አጠገቡ 40-635 የሚል ቁጥር ካለ፣ 40 ማለት የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ለጠጠር ጉዞ ተብለው በውድ የሚሸጡት ብስክሌቶች ብዙዎቹ የሚገጠምላቸው ጎማም 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ባለ 26 የሆነው የተራራ ብስክሌት ደግሞ 1.95 የሚል ጎማ ካለው ስፋቱ ወደ 50 ይጠጋል። ለጠጠር የሚፈለገው ስፋት በእጃችን አለ።

ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም መለዋወጫው ነው። ባለ 26 እና ባለ 28 ጎማና ከመነዳሪ ባሕር ዳር በቀላሉ ይገኛል፤ ወረታም ቢሆን ጎሚስታ አያጣችሁም። የዘይት ፍሬን ቢፈስስ ግን መርዓዊ ላይ ማን ይሠራዋል? ከመነዳሪ የሌለው ጎማ የግራር እሾህን በደንብ እንደሚቋቋም አውቃለሁ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። ያ ፈሳሽ ሲያልቅ ግን ተመልሶ የሚሞላበት ሱቅ በመንገዳችሁ ላይ የለም።

ገንዘባችሁን አዲስ ብስክሌት ላይ ሳይሆን ያለውን ማስፈተሽ ላይ አውሉት። ኩሽኔታዎቹ ተፈትተው ታጥበው ግሪስ ይቀቡ። የቸርኬው ሽቦዎች አንድ በአንድ ይነካኩ፤ የላላ ካለ ይጥበቅ። ዕቃ ተጭኖ ኮረኮንች ላይ ሲሄድ መጀመሪያ የሚበጠሰው የኋላው ሽቦ ነው። የፍሬን ጎማ ካለቀ ይቀየር። በዘንግ የሚሠራ የድሮ ፍሬን ያለው ሰው ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬኑ በጣም እንደሚደክም ይወቅ፤ ቁልቁለት ላይ ቀድሞ ይያዝ። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ላይ ደግሞ አንድ ቀላል መላ አለ። የኋላውን ጥርስ ከፍ ባለ ቁጥር ማስቀየር ነው። ሜዳ ላይ ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ይሰጣል።

የጎማ አየር ነገር ብቻውን አንድ አንቀጽ ይገባዋል። ጎሚስታ ዘንድ ስትሄዱ ድንጋይ እስኪመስል ይነፋላችኋል። ለአስፋልት ጥሩ ነው። ጠጠር ላይ ግን እንደዚያ የተነፋ ጎማ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ እጅና ወገብም ይጎዳል። 70 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ የፊቱ 35፣ የኋላው 45 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃል። ዕቃ ከጫናችሁ የኋላውን ጨምሩ። በጣም አታርግቡት። የረገበ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬና በድንጋይ መካከል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይቆረጣል። ጎማ በእሾህ ሲፈነዳ ደግሞ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ጣታችሁን በጎማው ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል።

ጽሑፉ በዘረዘራቸው መሣሪያዎች መካከል የዘነጋው አንድ ነገር አለ፦ 15 ቁጥር ቁልፍ። የእሳቸው ብስክሌት ጎማ በእጅ ነው የሚፈታው። የእኛ አብዛኛው በዳዶ የታሰረ ነው። ቁልፉ ከሌለ ከመነዳሪም መንፊያም ይዞ መቆም ይመጣል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ከውጭ አገር የሚመጣ ውሃ የማያስገባ ሻንጣ ጥሩ ነው፣ ያለው ይጠቀምበት። የሌለው ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ንጹሕ ማዳበሪያ ውስጥ ይክተት፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ማሰሪያ ኋላው ላይ ይሰር። ጀርባ ላይ አለመሸከም ነው ዋናው።

«በየ15 እና 20 ኪሎ ሜትሩ ከተማ ስላለ አንድ ኮዳ ውሃ ይበቃል፤ ሲሞቃችሁም ሐይቁ ውስጥ ግቡ» የሚለው ግን መታረም አለበት። አደገኛ ነው።

በባቡር ሐዲድ መንገድ ላይ ከተሞቹ የተደረደሩት ባቡር ጣቢያው ስለነበረ ነው። ብዙዎቹ የውሃ ቧንቧም መጸዳጃም ተዘጋጅቶላቸዋል። በእኛ ገጠር ሰው ውሃ አይከለክላችሁም፤ አንዲት እናት ቤት ደርሳችሁ ብትጠይቁ በጣሳ ሞልተው ይሰጧችኋል። ሆኖም ውሃው ከምንጭ ይሁን ከወንዝ ከመንገደኛ የተሰወረ ነው። ቢያንስ 3 ሊትር ይዛችሁ ውጡ። በመንገድ ላይ የሞላችሁትን አፍሉት፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበትና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ላብ አይታወቅም፣ ፀሐዩ ግን ያደርቃል። ጥማት እስኪመጣ አትጠብቁ።

ሐይቁ ውስጥ መግባትን በተመለከተ፣ በጣና ዳርና ወደ እሱ በሚገቡ ጅረቶች ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ። ተውሳኩ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። መጠጣት አያስፈልገውም፣ እግርን መንከር ይበቃዋል። የደከመ ብስክሌተኛ ደግሞ መጀመሪያ የሚያምረው እግሩን መንከር ነው። ከጆግ በፈሰሰ ውሃ ታጠቡ።

ምግብ ላይ ጽሑፉ በፕላስቲክ የታሸገ የኃይል ምግብ በብዛት እንድንገዛ ይመክራል። በሶ እያለን! የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ እሳት አይፈልግም። በውሃና በስኳር ወይም በማር በጥብጦ መጠጣት ይቻላል፤ ጨው ጣል ካደረጋችሁበት በላብ የወጣውንም ይተካል። ጠዋት ጭብጦ አድርጎ በልቶ የወጣ ሰው እስከ እኩለ ቀን ይደርሳል። በኪስ ቆሎ፣ ሱፍ ከተገኘም ሱፍ፣ ከባሕር ዳር ገበያ ደግሞ ሙዝ። አባቶቻችን ረጅም መንገድ የሄዱት በዚህ ስንቅ ነው። ቀኑንም አስቡ። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም በትንንሽ ከተሞች የምታገኙት ሽሮና በየዓይነቱ ነው፤ ምግብ ቤቱም አርፍዶ ሊከፍት ይችላል። ጠዋት የምትበሉትን ማታውኑ ያዙ።

«ምርጡ ጊዜ ክረምት ነው፤ አቧራ የለም፣ ጢስ ዓባይም ይሞላል» የሚለው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው። ፏፏቴው ከውሃ ጋር ሲታይ ልብ ይሰርቃል። በበጋ ሄዶ ቅር ያለው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ውሃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ገደሉ ራቁቱን ይቀራል። ግን ሐምሌና ነሐሴ በብስክሌት አትውጡ። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ዝናብ ሲመታው ውሃውን ያሳልፋል፣ ከሰዓታት በኋላ ይነዳበታል። የእኛ ዋልካ ግን ሌላ ነው። ጥቁር አፈሩ ሲረጥብ ጎማው ላይ ይጠመጠማል፣ ከዚያ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይሞላል፣ መጨረሻ ጎማው መዞር ያቆማል። በእንጨት እየጫራችሁ 1 ኪሎ ሜትር መሄድ ግማሽ ቀን ይበላል። ግድ ከሆነ ፓራፋንጎውን አስፈትታችሁ ሂዱ።

ትክክለኛው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው። ዝናቡ ይቆማል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ፏፏቴው ገና ውሃ አለው፣ ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል። ይሁን እንጂ ያው ወቅት ወባ የሚበረታበት ነው። በሐይቁ ዙሪያና በፎገራ አጎበር ሳይዙ ማደር ልክ አይደለም። ከተመለሳችሁ በሳምንትም በሁለት ሳምንትም ትኩሳት ከተነሳ «ድካም ነው» ሳትሉ ተመርመሩ። በየትኛውም ወር ብትወጡ በጠዋት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ሜዳውን ዳገት ያደርገዋል።

ጽሑፉ ቀጥሎ «በስልካችሁ ካርታ የሐይቁን ዳር እየተከተላችሁ እስከ ጎርጎራ ድረሱ» ይላል። የሚዙሪ ወንዝን ዳር ተከትሎ የሚሄድ ትሬይል ላይ ለኖረ ሰው ይህ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ጣና ዳር ግን ዙሪያውን የሚያያዝ አንድ መንገድ የለም። ብዙው ዳር ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነው። ወንዞቹም አሉ። በምሥራቅ በኩል ርብና ጉማራ፣ በደቡብ ምዕራብ ግልገል ዓባይ፣ በሰሜን መገጭ ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ትሬይሉ ላይ ወንዝ ሲያጋጥም ባቡር የተሸከመ የብረት ድልድይ ይጠብቃችኋል። እዚህ ዋናውን መንገድ ትታችሁ ወደ ዳር ከወረዳችሁ ድልድይ ላይኖር ይችላል። ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ፀሐይ እያለ ወንዙን ሊያመጣው ይችላል። ጉልበት ላይ የደረሰና የሚሮጥ ውሃ ውስጥ ብስክሌት ተሸክሞ መግባት ሕይወት ያስከፍላል። የመንደሩ ሰው «ቆዩ» ካለ ቆዩ።

ከዚህ ይልቅ ዘጌን በአንድ ወገን በብስክሌት፣ በሌላው በጀልባ ማድረግን እመክራለሁ። ብስክሌቱን ጀልባው ላይ ስለመጫን ከባለጀልባው ጋር ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የዘጌን የቡና ጫካ በጥላው እያለፉ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሶ ሥዕሎቹን ማየት ለአንድ ቀን ይበቃል።

መጨረሻው ነጥብ ማደሪያ ነው። «ሲመሽ ባላችሁበት ድንኳን ትከሉ፤ የውሃ ዳር ይመረጣል» ተብሎ ተጽፏል። የውሃ ዳር ጉማሬ አለ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ድንኳኑ በመውጫው ላይ ከተተከለ መመለሻው ላይ የሰው ሕይወት አለ ማለት ነው። ጅብም ማታ ማታ አይጠፋም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ደግሞ የጸጥታው ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁኔታ አንባቢ ያውቀዋል። ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ባለፈው ወር የሄደ ሰው የነገራችሁን ሳይሆን የዚያን ቀን ጠዋት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከመንገዱ የመጡትን ሹፌሮች ጠይቁ። «አይ፣ ዛሬ አይሆንም» ካሉ ቀኑን ለውጡ። መታወቂያ ያዙ። የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ንገሩ። ከአመሻሹ 11 ሰዓት በፊት ማደሪያችሁ ግቡ። ከተማ ላይ ካልደረሳችሁ መንደር ገብታችሁ ሽማግሌ ወይም የቤተ ክርስቲያኑን አባት ሰላም በሉ፣ ማን እንደሆናችሁና ወዴት እንደምትሄዱ ተናገሩ፣ ማደሪያ ጠይቁ። የእግዜር እንግዳን የሚመልስ ቤት እምብዛም ነው። ሰው የማያውቀው ድንኳን ጫካ ውስጥ ሲታይ ግን በዚህ ጊዜ ማንንም ያስደነግጣል።

ጸሐፊው ስለ ራስ ቁር፣ ስለ ጓንት፣ ስለ ደወልና በየሰዓቱ ስለማረፍ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፤ አልነካውም። ጽሑፋቸው አሁንም እየተሰራጨ ስለሆነ ግን ሐይቁ ውስጥ ግቡ የሚለውን፣ የሐይቁን ዳር ተከተሉ የሚለውንና የውሃ ዳር ድንኳን ትከሉ የሚለውን ሦስቱን ቦታዎች በቶሎ እንዲያርሙልን በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ። የብስክሌቱን ነገር ቀስ ብለን ልንከራከርበት እንችላለን። እነዚህን ሦስቱን ግን መስከረም ሳይጠባ ቢያስተካክሉት፤ ከመስቀል በኋላ የሚወጡ ልጆች ካሁኑ እየተዘጋጁ ነው።